መልስ፦ ታክስ ካስገባሁ በኋላ 1099 መጣብኝ

ወንድሜ፣ በደብልዩ-2 (አሠሪ በሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት) ብቻ ታክስ አስገብተህ ስትጨርስ የማታው የሾፌርነት ሥራህ 1099 (ተቀጣሪ ሳትሆን ያገኘኸውን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት) ዘግይቶ መጣና «ዝም ብል ምን ይመጣል?» ብለሃል። ዝም አትበል። ቅጂው አይአርኤስ (የአሜሪካ ፌደራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋ ስላለ ቆይቶ ሲፒ2000 የሚባል፣ ያላስገባኸው ገቢ አለ የሚል ደብዳቤ ይመጣብሃል፤ ያልከፈልከው ታክስ ወለድ ደግሞ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጥራል።

የማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ነው። መጀመሪያ ያስገባኸው ታይቶ እስኪያልቅ ጠብቅ፤ ሪፈንድህም (ተመላሽ ገንዘብህ) ይምጣ። ከዚያ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ ፎርም) እና ስኬጁል ኤስኢን (የግል ሥራ ታክስ ፎርም) አያይዘህ ላክ፣ በኦንላይንም ይቻላል። ለሥራ የነዳኸውን ማይል እንደ ወጪ መቀነስ እንዳትረሳ! ብዙ የኛ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። በማይል ካሰብክ ግን ነዳጅና ጥገናውን ደግመህ አትቀንስ። ተጨማሪ ዕዳ ካለ የጥያቄውን ደብዳቤ ሳትጠብቅ አብረህ ክፈል።

የድምር ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ያርሙት ነበር፤ 1040-ኤክስም ባላስፈለገህ።

የስቴቱንም አስተካክል፣ ስቴትህ የገቢ ታክስ ካለው። እኔ የፌደራሉን አርሜ እሱን ረስቼው ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣብኝ። ከላክህ በኋላ ደግሞ በየቀኑ አትፈትሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 16 ይወስዳል።