ስለ ሩቅ ሰው መከራ መናገር ዓለማዊነት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? በሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል እኅት ነኝ። ስለ ሱዳን ጦርነት፣ በዐረብ አገር ስለሚንገላቱ እኅቶቻችን መብት፣ ስለ ደን መመናመንም መረጃ እያሰባሰብኩ ለወዳጆቼ አካፍላለሁ። በቅርቡ በጉባኤያችን ላይ ስለ ሱዳን አጭር ዝግጅት ላቅርብ ብዬ ስጠይቅ፣ አንድ ታላቅ ወንድማችን «ጦርና የጦር ወሬ እንደሚሰማ ጌታ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ይህ የዓለም ጉዳይ ነው፤ አንቺ ጸልዪ እንጂ ፖለቲካ ወደ ቤተ ክርስቲያን አታስገቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ተከፍሏል። እውነት ዓለማዊ ሆኜ ነው? መናገሩ ተገቢ ከሆነስ እንዴት ልናገር? ደግሞም ክፉ ወሬ ከመስማቴ ብዛት ጸሎቴ እየደረቀብኝ ነው። ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ወንድምሽ የጠቀሰው ቃል የጌታችን ቃል ነውና ከእርሱ እንጀምር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 «ጦርንም የጦርንም ወሬ ትሰሙ ዘንድ አላችሁ» ብሎ ወዲያው «አትደንግጡ» አለ። አትዘኑ አላለም፤ ጆሯችሁን ድፈኑም አላለም። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት፣ ይህ ወንጌል በየዓመቱ ይነበብልናል። ነገር ግን ጌታችን በዚያ ተራራ ላይ ተቀምጦ ሲያስተምር ትምህርቱን እዚያ አላቆመም፤ ለእነዚያው ደቀ መዛሙርት ቀጥሎ የምዕራፍ 25ን ነገር ነገራቸው። ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ እንግዳ ሆኜ፣ ታርዤ፣ ታምሜ፣ ታስሬ ያለው እዚያ ነው። በፍርድ ቀን በግራው የቆሙትን ልብ ብለሽ ተመልከቻቸው። ጦር አስነሥታችኋል፣ ሰው ገድላችኋል ተብለው አልተከሰሱም። መከላከያቸው «መቼ አየንህ?» የሚል ነበር። አላየንም አሉ፤ አለማየታቸውም አላዳናቸውም። እንግዲህ ያላየውን እንዲያይ ወንድምን መርዳት ዓለማዊ ሥራ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ሱዳን ካነሣሽ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ጦርነቱ በካርቱም የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ቀዳም ሥዑር ነበር። ካህናቶቻችን ቄጤማ ይዘው «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ለምእመናን ሲያድሉ፣ ምእመናንም ቄጤማውን በራሳቸው ላይ ሲያስሩ፣ በጄኔራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን የሚመራው የአገሪቱ ጦርና በመሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በአንዲት ከተማ መካከል ተታኮሱ። ሙስሊሞቹ የረመዳን ጾማቸውን ሊፈቱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። በዚያች ከተማ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ ለትንሣኤው ሌሊት ተሰናድተው ነበር። ከዚያ በኋላ በገዳሪፍና በገላባት አድርጎ ወደ መተማ የጎረፈውን ሕዝብ ታውቂያለሽ።

እስከ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች ካምፕ ረኀብ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ። ኤል ፋሸር የተባለችው ከተማ ከአንድ ዓመት በላይ ተከባ ስትቆይ ነዋሪዎቿ የሚበሉት አጥተው ፋጉሎ ይበሉ ነበር። ፋጉሎ ለከብት የሚሰጥ የዘይት ጭማቂ ተረፈ ምርት መሆኑን የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። እናቶች እርሱን እያበሰሉ ለልጆቻቸው አበሉ። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከተማዋ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅም ብዙ ንጹሐን ተገደሉ። ይህን መናገር ፖለቲካ ከተባለ፣ ነቢዩ ኤርምያስ በሰቆቃው ሕፃናት እንጀራ እየለመኑ የሚቆርስላቸው አጡ ብሎ ያለቀሰውም ፖለቲካ ሊባል ነው።

ሱዳን ደግሞ ሩቅ አይደለችም። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ወገናችን በእግሩ ተጉዞ የተጠለለው በምሥራቅ ሱዳን ነው። በ2013 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሰሜኑ ጦርነት ድንበር ተሻግረው የሸሹት በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም የደረሱት እዚያው ነው። ኡም ራኩባ የተባለው ካምፕ በሁለቱም ዘመን የእኛን ሰው አስጠልሏል። የተጠለልንበት ቤት ሲቃጠል ቢያንስ እሳቱን አይቻለሁ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጸልዪ እንጂ አትናገሪ ወደሚለው። ወንድምሽ ጸሎትን ማስቀደሙ መልካም ነው። ጸሎትንና ንግግርን ማጣላቱን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት አላገኘውም። መጽሐፈ ነህምያን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ። ነህምያ በሱሳ ግንብ፣ በንጉሥ ቤት፣ ደልቶት የሚኖር ሰው ነበር። ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ ሲመጣ ነህምያ ራሱ ጠየቀው፤ ወሬው እስኪመጣለት አልጠበቀም። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን፣ በሮቿም መቃጠላቸውን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል፣ ጉዳዩን በልቡ ይዞ ቆየ። ከዚያም በንጉሡ ፊት ተናገረ። እጅግ ፈርቶ እንደነበር ራሱ ጽፎታል፤ ቢሆንም ተናገረ። ሄዶ ቅጥሩን ሠራ። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ የድሆቹን እርሻና ልጆች በዕዳ የያዙትን ባለጠጎች በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው። መጠየቅ፣ ማልቀስ፣ መጾም፣ መናገር፣ መሥራት በዚህ ሰው ሕይወት አንድ መንገድ ናቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ንግሥቲቱን ስለ ድሀዋ መበለት ርስት በመገሠጹ ወደ ስደት ሄዶ በስደት ማረፉን ከስንክሳር ሰምተሻል። ጸሎቱን ትቶ ነው የሚለው የለም።

በእኛም ላይ መከራ በደረሰ ጊዜ ዝም ያሉና የተናገሩ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣልያ በአርበኛውና በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ስታዘንብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ክረምት ጄኔቭ ቆመው አቤት ሲሉ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ከቃል በቀር የረባ ነገር አላደረገም። በዚያን ጊዜ ሲልቪያ ፓንክረስት የተባለች እንግሊዛዊት ነበረች። ኢጣልያኖች አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች። ሃያ ዓመት አላቋረጠችም። ያን ጊዜ አገራችንን አይታ አታውቅም፤ ቋንቋችንን አትናገርም፤ ሃይማኖታችንም ሃይማኖቷ አልነበረም። ያገሯ መንግሥት ጆሮ ሲነፍጋት ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ ስብሰባ ትጠራ ነበር። በኋላ ወደ አገራችን መጥታ ኖረች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ ዐርፋ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ያንን መቃብር ቤተ ክርስቲያናችን በቅጥሯ ውስጥ በክብር ይዛለች። ወንድምሽን ወደዚያ ወስደሽ አሳዪው፤ ይህች ሴት ስለ እኛ ስትናገር የሌላ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ገብታ ነበር ወይ ብለሽ በትሕትና ጠይቂው።

ስለ ደን ያነሣሽውን ከጦርነቱ ለይተሽ አትመልከቺው። ሆሴዕ በምዕራፍ 4 ሐሰትና ግድያ ስለ በዙ፣ ደምም በደም ላይ ስለ ፈሰሰ፣ ምድር ታለቅሳለች ይላል፤ የዱር አራዊት፣ የሰማይ ወፎች፣ የባሕር ዓሦች ሳይቀሩ ያልቃሉ ይላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ደግሞ ከተማ ስትከብ እንኳ የፍሬ ዛፏን በምሳር አትቁረጥ ብሎ ያዝዛል። በዳርፉር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለፈሰሰው ደም ከምክንያቶቹ አንዱ ዝናብ እየራቀ፣ ግጦሽ እየጠበበ ሄዶ አርብቶ አደሩና ገበሬው በአንድ መሬት ላይ መጋፋታቸው ነበር። ጦሩን ያዘመቱት ግን የሥልጣን ሰዎች ናቸውና ሁሉን በድርቅ አታሳብቢ።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመጣ ጽናውን ተመልከቺ። በቅዳሴ ጊዜ የሚታጠነው ዕጣን ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን እንጠይቃለን? ብዙ ዕጣን በመተማና በቋራ ቆላ፣ ያ ስደተኛ በሚሻገርበት ምድር፣ ከሚበቅል ዛፍ ይገኛል። በበጋ ቅርፊቱ በስለት ይላጣል፤ ነጭ ሙጫ ያነባል፤ ሲደርቅ ይለቀማል። ዛፉ ሳያርፍ ደጋግሞ ሲላጥ ይደክማል፤ ዘሩም ይመነምናል። ሰደድ እሳቱና ከብቱ ችግኙን ያጠፋዋል፤ ለሰሊጥ እርሻ ተብሎ ደኑ ይመነጠራል። ተመራማሪዎች በብዙ ቦታ አሮጌ ዛፍ እንጂ ለጋ ዛፍ አናገኝም ይላሉ። እንደዚህ ከቀጠለ የልጅ ልጆቻችን በምን ሊያጥኑ ነው? እኔን ይህ እንቅልፍ ይነሣኛል። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር እየመከረ በአብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ደክሟል፤ ሕዝቡ ድንጋዩን ከእርሻው ለቅሞ በገዛ እጁ ካበው፤ ከብት መግባት ሲያቆም ከጽዱና ከወይራው ሥር ችግኝ መብቀል ጀመረ። አባቶች ደኑን የጠበቁት ቤተ መቅደሱን እንደሚያለብስ ልብስ አድርገው ስላዩት ነው። ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ የምትጸልይ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለ ዛፍ ብትናገር ምን ያስገርማል?

በዐረብ አገር ስላሉት እኅቶቻችን አጭር ቃል ይበቃል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የተያዘባት፣ የወራት ደመወዟ የተከለከለባት ልጅ ጉዳይ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ተጽፏል፤ የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል።

እንዴት ልናገር ላልሽው ግን ጠንከር ብዬ እመልስልሻለሁ። ኦሪት ዘፀአት 23 «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ይላል። መቀበሉ ከተከለከለ ማሠራጨቱማ እጅግ የከፋ ነው። በጦርነት ጊዜ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶግራፍ የዛሬ ነው ተብሎ ይዞራል። ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት የሚለውን ሳታውቂ አንድም ምስል አታስተላልፊ። ለበጎ ነው ተብሎ የሚነገር ሐሰት የተጎጂውን እውነተኛ እንባ ሳይቀር ያስጠረጥራል። የሬሳ ምስልም አታሳዪ፤ የሞተው ሰው የእግዚአብሔር አርአያ ነው፤ እናቱም ልታየው ትችላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሙታንን በወገን አትለዪ። ለአንዱ ወገን ሬሳ አልቅሰሽ ለሌላው ወገን ሬሳ ምክንያት ስትፈልጊ ራስሽን ካገኘሽው፣ ወንድምሽ የፈራው ነገር በእውነት ገብቷል ማለት ነው። ፖለቲካ ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባው በዚያ በር ነው። ስለ ሱዳን ሕዝብ ስትናገሪ በአገራችን የተፈናቀለውንም አትርሺ፤ የራስን ቁስል ሸፍኖ የጎረቤትን ማሳየት ደግ አይደለም።

ጸሎቴ ደረቀ ላልሽው፣ የምትሰሚው ከምታቀርቢው ስለ በለጠ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ወሬ አትከታተዪ። ሰዓት ወስኚለት፤ ከነግህ ጸሎትሽ በፊት ስልክሽን አትክፈቺ። የሰማሽውን አንድ ነገር ያዢና በስሙ ለምኚበት፤ «ጌታ ሆይ፣ ዓለምን አስብ» ከማለት «ጌታ ሆይ፣ ከኤል ፋሸር ወደ ጣዊላ በእግራቸው የሸሹትን አስብ» ብትይ ልብሽ ይመለሳል። ከዚያም ከኪስሽ ትንሽም ቢሆን ስጪ። ሳይመጸውቱ መስማት ልብን ያደነድናል፤ ይህን በብዙ ሰው አይቻለሁ። ድካሙ ከበረታብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከወሬው ለጥቂት ጊዜ ራቂ ቢሉሽም ታዘዢ። የዓለም ሸክም ሁሉ በአንቺ ትከሻ ላይ አልተጫነም፤ ተሸካሚው ሌላ ነው።

ዝግጅቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራር ፈቃድ ጠይቂ። ያንን ወንድምሽንም አብሮሽ እንዲያዘጋጅ ጋብዢው፤ የነህምያን ምዕራፍ አንድ እርሱ ያንብብ። ከሱዳን የተመለሰ ምእመን በአጥቢያችሁ ካለ እርሱ ይናገር፤ ከማናችንም ይልቅ እርሱ ያውቃልና። ስሙና ምስሉ እንዲወጣ ካልፈለገ አታውጡበት። በመጨረሻ በእንተ ሰላም ጸልያችሁ፣ በበሩ አጠገብ አንድ ሙዳየ ምጽዋት አኑሩና የተሰበሰበው በመተማ በኩል ለመጡት ስደተኞች እንዲደርስ በቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና የርዳታ ክፍል በኩል ላኩት፤ ደረሰኙንም በሚቀጥለው ሰንበት ለጉባኤው አሳዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።