«ውሃው አንዴ ከተቀዳ አትተርፍም ይሉናል»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል) ካንሰር ተሰራጭቶባታል። ከወር ወዲህ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ የዘጠኝ ወር እርጉዝ መስላለች። ሁለት ጉርሻ ሳትውጥ ትጠግባለች። በጀርባዋ መተኛት አቅቷታል። ሐኪሙ ውሃው ይቀዳ አለን። ጎረቤቶች ግን «አንዴ ከተነካ አትተርፍም» ይሉናል። አክስቴ ደግሞ ውሃ እንዳንሰጣት ከልክላናለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለእናትሽ ውሃ ስጫቸው። ዛሬውኑ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው የጠጡት ውሃ አይደለም። ካንሰሩ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ተመልሶ የሚመጠጥበትን መንገድም ይዘጋል። ውሃ ቢከለከሉ ጉሮሯቸው ይደርቃል እንጂ ሆዳቸው አይጎድልም። በዚህ ምክንያት ውሃ የሚለምኑ እናቶች ገጥመውኛል። ሁሌም አንጀቴን ይበሉታል።

የጎረቤቶቻችሁ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ውሃው የሚቀዳው ብዙ ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ ሲሞት «መርፌው ገደለው» ይባላል። የገደለው ግን ካንሰሩ ነው። መቀዳቱ በሽታውን አያድንም፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን እፎይ ያሰኛል። ሰበታ ቤታቸው እየሄድኩ የማያቸው አንዲት እናት ተቀድቶላቸው በተመለሱበት ማታ ሽሮ በእንጀራ በሉ። ከዚያ ጋደም ብለው አደሩ። ለሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያድሩት።

ደብዳቤሽ ላይ ሐኪሙ ያለው አለ፣ ጎረቤትና አክስትሽ ያሉት አለ። እናትሽ ያሉት የለም። አጠገባቸው ቁጭ በይና ጠይቂያቸው።

እሺ ካሉ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ቦታውን በአልትራሳውንድ ያያል። ቆዳውን በመርፌ ያደነዝዛል። ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ፈሳሹን ወደ ከረጢት ያወርዳል። ብዙውን ጊዜ ብርዝ የመሰለ ቢጫ ነው፤ ደም ቢቀላቅል አትደንግጪ። በአንድ ጊዜ እስከ 5 ሊትር ሊወጣ ይችላል፤ አንድ የዘይት ጄሪካን ማለት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

እኔን የሚያሳስበኝ መርፌው ሳይሆን ደረጃችሁ ነው። ፈሳሹ ሲወጣ የደም ግፊት ሊወርድና ሊያዞራቸው ይችላል። ስለዚህ እዚያው ሆስፒታል ትንሽ ጋደም ይበሉ። ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ሁለት ጠንካራ የጎረቤት ልጆች ጥሪ፤ በየፎቁም ለማረፊያ ወንበር አስቀምጡላቸው። የተወጋው ቦታ አንድ ሁለት ቀን ሊያንጠባጥብ ስለሚችል ንጹሕ ፋሻ ይኑርሽ። ሲተኙ የተወጋው ጎን ወደ ላይ ይሁን።

ውሃው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ ቆይቶ። ቶሎ ቶሎ ከመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚቀዳበት ቋሚ ቱቦ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ሽንት የሚያሸና እንክብልም አለ። እሱ በደንብ የሚሠራው ካንሰሩ ጉበትን ሲሞላው ለሚመጣው ውሃ ነው። እንደ እናትሽ ላለው ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይረዳም። ከሰው የተረፈ እንክብል በፍጹም እንዳትሰጫቸው፤ ኩላሊት ይጎዳል።

ቤት ውስጥ መቀነታቸውን ፍቱላቸው። በትራስ ደገፍ አድርጋችሁ አስተኟቸው። ምግቡን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው፤ አጥሚት ጥሩ ነው። ቤት ለቤት የማስታገሻ እንክብካቤ የሚሰጠው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ አለ። እናንተ ሰፈር ድረስ ይመጡ እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ሆዳቸው ላይ ኃይለኛ ሕመም ከተነሳ፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ነገር ከተምታታባቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።