ጥያቄና መልስ፦ ጀርመናዊ ቅድመ አያትን በጋራ የዘር ግንድ ላይ መፈለግ

ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ተባብረው የሚገነቧቸው የዘር ግንዶች ከተስፋፉ ወዲህ ጀርመናዊ የዘር ሐረግ ያላቸው አንባቢዎች ደጋግመው ይጽፉልናል። በብዛት የሚነሡትን ለዚህ እትም መርጠናል። ለየት ተደርጎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የእናቴ አያት ጀርመናዊ መካኒክ ነበሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ይኖሩ ነበር ይባላል። በቤተሰቡ የሚታወቁት «ሙሴ ዊልሄልም» ተብለው ነው። አያቴም በአባት ስም «ዊልሄልም» ተብላ ነው የተመዘገበችው። ዊኪትሪ በተባለው የጋራ የዘር ግንድ ድረ ገጽ ላይ በዚህ ስም ስፈልግ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይመጣብኛል። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዊልሄልም የቤተሰብ ስማቸው ሳይሆን የግል መጠሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ሥርዓት ልጅ የሚያስከትለው የአባቱን መጠሪያ ስለሆነ፣ ጀርመኖች ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱት የቤተሰብ ስም ገና በመጀመሪያው ትውልድ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሥራዎ ያን የጠፋ ስም ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው የተወለዱበትን መንደር ወይም ከተማ ማወቅ። ጀርመን የቆዩ መዝገቦቿን በአንድ ማዕከል አልሰበሰበችም፤ እያንዳንዱ ልደትና ጋብቻ የተጻፈው በየአጥቢያው ነው። መንደሩ ካልታወቀ የትኛውም የዘር ግንድ አይረዳዎትም።

ፍለጋው እዚሁ ይጀምር። አሮጌ ፎቶግራፎችን ገልብጠው ይዩ፤ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉት የፎቶ ቤቱን ስምና ከተማውን በኅትመት ይዘዋል። ጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርፎ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ባዶ ገጾች ይመልከቱ፤ ልደትና ጋብቻ እዚያ ይመዘግቡ ነበር። የመቃብር ድንጋይ፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ውል፣ የፖስታ ማኅተም አይናቁ። ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ካቶሊክ ነበሩ ወይስ ፕሮቴስታንት የሚለውን አይዝለሉት፤ የትኛው ቤተ መዛግብት መግባት እንዳለብዎት የሚወስነው እሱ ነው። በአዲስ አበባ ያለውን የጀርመንኛ ተናጋሪ ወንጌላውያን ጉባኤም ይጠይቁ። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነት ውል የተፈራረሙት በ1905 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ለኖረ ሰው በበርሊን የሚገኘውን የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፖለቲካ ቤተ መዛግብት በደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰውየው ሚስዮናዊ ከነበሩ መንገዱ ይቀላል፤ ሚስዮኖች የሠራተኞቻቸውን የሕይወት ታሪክ በፋይል ያስቀምጣሉ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ወለጋ የገባው የሄርማንስቡርግ ሚስዮን አንዱ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት ዮሐን ማርቲን ፍላድ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በቩርተምበርግ ኡንዲንገን በምትባል መንደር በ1831 እንደተወለዱ፣ ዐድዋ ላይ በ1878 ያረፉት የዕፅዋት ተመራማሪው ዊልሄልም ሺምፐርም በኑረምበርግ አጠገብ በላውፍ በ1804 እንደተወለዱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስሙ ስለገጠመ ብቻ ራስዎን ከታዋቂ ሰው ጋር አያያይዙ። ይህ በጋራ የዘር ግንድ ላይ በብዛት የሚሠራና ለማረም የሚያስቸግር ስሕተት ነው።

የቤተሰብ ስሙ የተገኘው በአማርኛ ተጽፎ ከሆነ በላቲን ፊደል ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ዘርዝሩ፤ «ማየር» ብቻ ቢያንስ አራት አጻጻፍ አለው። ጀርመኖች በጥምቀት ሁለት ሦስት ስም ስለሚሰጡና በዕለት ኑሮ የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ስላልሆነ፣ የእርስዎ ዊልሄልም በመዝገብ «ዮሐን ካርል ዊልሄልም» ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች መጠሪያውን ከሥሩ ያሰምሩበታል።

ስምና ቦታ ከተገኘ በኋላ የሚጻፈው ለአካባቢው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት፣ በእነሱ አጠራር ለሽታንደስአምት ነው። ይህ ምዝገባ በወቅቱ ትልቋ የጀርመን ክፍል በነበረችው በፕሩሲያ ከኦክቶበር 1874፣ በመላው ጀርመን ከጃንዋሪ 1876 ጀምሮ አለ። የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤተ መዛግብት ተዛውሮ ለማንም ክፍት ይሆናል። ከዚያ በፊት በቀጥታ የወረደ ዘር መሆንዎን በሰነድ ማሳየት አለብዎት፤ ከእርስዎ እስከ እሳቸው ያለውን እያንዳንዱን ትውልድ የሚያያይዝ ማስረጃ አንድም ሳይጎድል። አጭር የምስክር ወረቀት ሳይሆን ከዋናው መዝገብ የተነሣ የተረጋገጠ ኮፒ ይጠይቁ። ምክንያቱም በልደት መዝገብ ኅዳግ ላይ ብዙ ጊዜ ሰውየው በኋላ የት እንዳገባና የት እንደሞተ ይጻፋል፤ በአጭሩ ወረቀት ላይ ያ ላይወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን ቅድመ አያት በጋራ የዘር ግንድ ላይ አገኘሁ፤ ከእሳቸው ወደ ላይ እስከ 1480 ድረስ ተሠርቷል። ልጆቼን ላያይዝበት? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ገና። አንድ ትውልድ በአንድ ጊዜ እየመረመሩ ይውጡ። ለእያንዳንዱ የወላጅና የልጅ ትስስር የተጠቀሰው ምንጭ የደብሩን ስም፣ የመዝገቡን ዓይነት፣ ዓመቱን፣ ገጹን ወይም ተራ ቁጥሩን መያዝ አለበት። «ከእገሌ ዛፍ የተወሰደ» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ስሕተት በሃምሳ ዛፍ ስለተገለበጠ እውነት አይሆንም።

የ1480ው ነገር በተለይ ያጠራጥራል። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዝገብ መያዝ የጀመሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ካቶሊኮችን ያስገደደው የትሬንት ጉባኤ የ1563 ውሳኔ ነው። ከዚያም ከ1618 እስከ 1648 የዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙ መዝገብ አቃጥሏል። ስለዚህ የገበሬ ቤተሰብ በደብር መዝገብ ብቻ ከ1550 በላይ ወጣ ከተባለ፣ የግብር ወይም የርስት ሰነድ ካልተጠቀሰበት በቀር አንድ ቦታ ላይ ተገምቷል ማለት ነው።

ትስስሩ በብዛት የሚበጠሰው በሞክሼ ነው። በአንዲት መንደር በአንድ ዘመን አራት አምስት «ዮሐን ሚለር» መኖር የተለመደ ነው። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ለቀጣዩ ይሰጥም ነበር። ስለዚህ ጥምቀቱን ካገኙ በኋላ የቀብር መዝገቡን ከልደቱ ቀን ጀምሮ ቢያንስ አሥር ዓመት ያህል ወደፊት ያንብቡ፤ ያ ሕፃን ሞቶ ከሆነ አያትዎ እሱ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ስለሚዘለው ነው ዛፎች ከሞተ ሕፃን ዘር የሚያወጡት። የእናቲቱን ዕድሜ በየልጁ ያስሉ፤ በ51 ዓመቷ ከወለደች ሁለት ሴቶች በአንድ ተጨፍልቀዋል ብለው ይጠርጥሩ።

በ1930ዎቹ በናዚ አገዛዝ ግዳጅ የተዘጋጁ የዘር ደብተሮች በብዙ ጀርመናዊ ቤት አሉ። የተወለዱበትን ስፍራና የመዝገብ ቁጥር ስለሚሰጡ ይጠቅማሉ፤ ግን ግልባጭ ናቸውና ከዋናው ጋር ያስተያዩ።

ስሕተት ካገኙ አካሄዱ እንደየመድረኩ ይለያያል። ዊኪትሪ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ገጹም ኃላፊ አለው። መጀመሪያ ማስረጃውን አያይዘው ለኃላፊው ይጻፉ፤ መልስ እስኪመጣ ትስስሩን «አጠራጣሪ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከ1700 በፊት የተወለዱትን ገጾች ለማረም ተጨማሪ የብቃት ማረጋገጫ ማለፍ ግድ ነው። ፋሚሊሰርች በተባለው ሌላ መድረክ ላይ ግን ማንኛውም አባል የሟችን ገጽ መለወጥ ይችላል። የለውጡ ታሪክ ስለሚቀመጥ የተበላሸውን መመለስ አይከብድም፤ ገጹን «ተከታተል» ቢሉት ለውጥ ሲኖር ይነገርዎታል። የራስዎን ትልቅ የጌድኮም ፋይል (የዘር ግንድ መረጃ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሚተላለፍበትን) በአንዴ አይጫኑ፤ አስቀድመው ያሉ ሰዎችን ደግመው ፈጥረው ሌላው እያዋሐደ ይለፋል። አንድ በአንድ፣ እየፈለጉ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ጀርመንኛ አቀላጥፌ አነባለሁ፤ የደብር መዝገቡን ግን አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። (ከሙኒክ)

መልስ፦ ኩረንት የሚባለው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የዛሬዎቹ ጀርመኖችም አብዛኞቹ አያነቡትም። ትንሹ «ኤ» ልክ «ኤን» ይመስላል። «ኡ»ን ከ«ኤን» የሚለየው በላዩ ያለው ጎባጣ ጭረት ብቻ ነው። «ሃ» ከላይም ከታችም ቀለበት አለው። ከ«ኤም» ወይም ከ«ኤን» በላይ ያለ አግድም መስመር ፊደሉ ይደገም ማለት ነው። የባዕድ ቃላትና አንዳንዴም የሰው ስም በተለመደው የላቲን ጽሕፈት ስለሚገቡ፣ ገጹን ሲከፍቱ ዓይንዎ ያርፍባቸው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሆነ የፕሮቴስታንት የጥምቀት ገጽ ይምረጡ፤ በሰንጠረዥ የተሠራ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል። ከግራ ወደ ቀኝ በተለመደው ቅደም ተከተል ተራ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ሰዓት፣ የጥምቀት ቀን፣ የሕፃኑ ስም፣ የአባት ስምና ሙያ፣ የእናት ስም ከነአባቷ ቤት ስም፣ የክርስትና አባቶችና እናቶች ይመጣሉ። የአባት ዓምድ ባዶ ከሆነ ልጁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው። የመጨረሻውን ዓምድ አይለፉት፤ የክርስትና ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የወላጆቹ ወንድምና እኅት ናቸው፤ ከሌላ መንደር የመጡ ከሆነ እናቲቱ የመጣችበትን ይጠቁማሉ። በስም ፊት «ቫይላንድ» የሚል ቃል ካዩ ሰውየው በዚያን ቀን በሕይወት አልነበረም፤ የሞት መዝገቡን ከዚያ በፊት ይፈልጉ።

ቀን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከቁጥር 8 ቀጥሎ «በር» የተባለው ኦክቶበር ነው እንጂ ኦገስት አይደለም። 7 ሴፕቴምበር፣ 9 ኖቬምበር፣ የሮማው አሥር ደግሞ ዲሴምበር ነው። ካቶሊክ መዝገብ በላቲን ስለሚጻፍ ዊልሄልም «ጉልየልሙስ» ይባላል፤ የዘር ግንዱ ላይ ግን ጀርመንኛ ስሙን ያስገቡ። ሴትየዋ «ሚለሪን» ተብላ ከተጻፈች የቤተሰብ ስሟ ሚለር ነው።

የመዝገቦቹን ምስል ለማየት፣ የካቶሊኮቹን ማትሪኩላ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይከፍትልዎታል፤ የፓሳው፣ የሙንስተር፣ የፓደርቦርንና የአውግስቡርግ ሀገረ ስብከቶች እዚያ አሉ። ብዙ የፕሮቴስታንት መዝገብ አርኪዮን በተባለው ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የሚፈልጉት ደብርና ዓመት መጫኑን ከዝርዝሩ ያረጋግጡ። ቩርተምበርግ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ከ1808 ጀምሮ የቤተሰብ መዝገብ ስለሚያዝ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ገጽ ይገኛሉ። ትራንስክሪቡስ የተባለው ሶፍትዌር የእጅ ጽሕፈቱን አንብቦ ይሰጣል፤ ስሞች ላይ ግን ስለሚሳሳት ሁልጊዜ ከምስሉ ጋር ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። በሕዝብ ቆጠራ ላይ ቅድመ አያቱ የተወለዱት «ፕሩሲያ» ይላል። ከዚህ አላልፍ አልኩ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ፕሩሲያ ከራይን ወንዝ እስከ ሊትዌኒያ ጠረፍ የተዘረጋ መንግሥት ነበር፤ መንደሩን የሚያገኙት አሜሪካ ውስጥ ነው። ያገቡበትን ወይም የተቀበሩበትን የጀርመናውያን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይፈልጉ፤ ፓስተሮቹ የመንደሩን ስም የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ከሴፕቴምበር 1906 ወዲህ ዜግነት ጠይቀው ከሆነ ማመልከቻው የተወለዱበትን ቦታ ይዟል። የሐምቡርግ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 አለ፤ የመጨረሻ መኖሪያንም ይጽፋል። የብሬመን ግን አብዛኛው ጠፍቷል።

የመንደሩን ስም ሲያገኙ በ1912ቱ የሜየርስ የቦታ መዝገብ ላይ ይመልከቱት፤ የትኛው ሽታንደስአምትና የትኛው ደብር ሥር እንደነበር ይናገራል። ኖይሽታት የሚባል ብዙ ቦታ ስላለ ወረዳውን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ። ኮምፕጌን የተባለው የጀርመን የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበርም የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ፣ በመንደር የተደራጁ የቤተሰብ መጻሕፍትና በበጎ ፈቃደኞች የተለቀመ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጉዳተኞች ዝርዝር በነፃ ያቀርባል። የቤተሰብ ስሙ ብርቅ ከሆነ ከዚህ ዝርዝር በየትኛው አካባቢ እንደሚበዛ ማየት ይቻላል።

ቦታው ፖመራኒያ ወይም ሲሌዥያ ከሆነ ዛሬ አብዛኛው ፖላንድ ነው። የፖላንድ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ብዙ ምስል በነፃ ለቅቋል፤ ሲፈልጉ በፖላንድኛው የቦታ ስም ይፈልጉ። የዘር ግንዱ ላይ ግን ሰውየው በኖረበት ዘመን የነበረውን ስም ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ የኢትዮጵያውን ወገንም ማስገባት እፈልጋለሁ። መድረኩ «ሲወለድ የነበረ የቤተሰብ ስም» እያለ ይጠይቀኛል። (ከኮሎኝ)

መልስ፦ የአባትን ስም ያስገቡ፤ የሁሉንም ሰው ስም በአንድ ቅድመ አያት ስም አይጨርሱት። ሥርዓቱ ለጀርመን አጥኚዎችም እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው ኦስትፍሪስላንድ፣ ናፖሊዮን በ1811 ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲያዝ እስኪያዝዝ ድረስ ልጅ የአባቱን ስም ነበር የሚያስከትለው። ቀኖቹን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲቀይሩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 (በዘመነ ዮሐንስ 12) የሚውለው ከ1900 ወዲህ መሆኑን አይርሱ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ነበር። ዋናውን ቀን በእኛ አቆጣጠር በማስታወሻው ላይ ያስቀምጡት። በሕይወት ያሉ ሰዎችን፣ ልጆችዎን ጨምሮ፣ በዝግ ገጽ ብቻ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ጀርመናዊ መሆናቸውን ካረጋገጥኩ ዜግነት አገኛለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዘር ግንድ ብቻ አይገኝም፤ የሚታየው ዜግነቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሕግ ሳይቋረጥ መተላለፉ ነው። ከ1914 በፊት ያለ ቆንስላ ምዝገባ ከአሥር ዓመት በላይ ውጭ የኖረ ጀርመናዊ ዜግነቱን ያጣ ነበር። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ከአባቱ በቀጥታ የሚወርሰው ከጁላይ 1993 ወዲህ ከተወለደ ብቻ ነው። ከሜይ 1949 ወዲህ ተወልደው በዚህ ምክንያት ለቀሩና ለዘሮቻቸው ከኦገስት 20 ቀን 2021 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በመግለጫ (ዜግነቱን እፈልጋለሁ ብሎ በማሳወቅ) የማግኘት ዕድል ተከፍቷል፤ አባትነቱ በጊዜው በሕግ የታወቀ መሆን አለበት። ውጭ ለሚኖር አመልካች የሚወስነው በኮሎኝ ያለው የፌደራል አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው፤ ማመልከቻው በኤምባሲ በኩል ይላካል፤ የሚመረምሩትም የተረጋገጡ የልደትና የጋብቻ ሰነዶችን ነው።