ነጠብጣቡ ጠፋ ብለሽ ሕክምናውን እንዳታቆሚ

እህቴ፣ የአሳ ገንዳሽ ውስጥ ሁለት አዲስ አሳ ካስገባሽ በሳምንቱ ሁሉም ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፣ ጠጠሩ ላይም እየተፋተጉ ነው፣ ውሃውን በሙሉ ልድፋው ወይ ብለሻል። እባክሽ እንዳትደፊው! እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ያደረግኩት እሱን ነበር። ጠጠሩንም የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አጠብኩና የአሳዎቹን ቆሻሻ የሚሰብሩትን ባክቴሪያዎች በክሎሪን ጨረስኳቸው። በበሽታው ላይ ከቆሻሻው የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ ተጨመረና ስድስት ጉፒ አሳዎች በሁለት ቀን አለቁብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በሽታው ኢክ ይባላል። ነጠብጣቡ ላይ ያለው ጥገኛ ተሕዋሲ የአሳው ቆዳ ስር ስለተደበቀ መድኃኒት አያገኘውም። ሲጠግብ ይወርድና ጠጠሩ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያው በመቶዎች ይባዛል፣ ከዚያ የተፈለፈሉት ሌላ አሳ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒቱ የሚገድላቸው ያኔ ሲዋኙ ብቻ ነው። አሳዎቹ ጠርተው ስታያቸው ታች ጠጠሩ ውስጥ ገና እየተራባ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥዪ፤ ውሃሽ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም በብርድ ዑደቱ ይረዝማል። ፊልተሩ ውስጥ ካርቦን ካለ አውጪው፣ መድኃኒቱን ይመጠዋል።

ጉፒ ወይም ሞሊ ከሆኑ ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያልሽ ወደ 29 ዲግሪ አድርሺው። ጎልድፊሽን ግን እንዲህ አታሙቂው። ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታው ራሱ ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ።

ግን ዋናው ነገር ጭንቀቱ ነው። አሳ ሲጨነቅ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፣ ትንሽ ጥገኛ ብትገባ ትስፋፋለች። እኔ ቤት በሽታውን ደጋግሞ የሚያመጣብኝ የሌሊት መብራት መጥፋት ነበር፤ ሂተሩ ይቆማል፣ በክረምት እስኪነጋ ውሃው ይበርዳል። አሁን መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፣ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕም ገዝቻለሁ። ውሃ የምቀይረው በሳምንት ሩቡን ብቻ ነው፣ እሱም ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተመጣጠነ። አዲስ አሳ ደግሞ መጀመሪያ ለብቻው ሌላ ዕቃ ውስጥ አራት ሳምንት ይቆያል፤ የሱቁን ውሃ ገንዳዬ ውስጥ አልጨምርም።

የገንዳሽን ሊትርና የአሳዎቹን ዓይነት ጻፊልኝ፣ ለሕክምናው ጨውም መጨመር ከፈለግሽ መጠኑን አብረን እናሰላለን። ኮሪዶራስ የሚባሉት ታች ጠጠሩ ላይ የሚውሉት ትንንሽ አሳዎች ካሉሽ ግን ሳትነግሪኝ ጨው እንዳታደርጊ፣ አይችሉትም።