«ሁሉም እያለፈኝ ነው፤ ሩጫ ለእኔ አይሆንም?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ ገርጂ ነው የምኖረው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ መሮጥ ጀመርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ሁለቱን ቀን ሰፈር ውስጥ ብቻዬን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር መስቀል አደባባይ። ችግሬ ፍጥነቴ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ያውም ልቤ ልትወጣ እየደረሰች፤ ሰዓቴ ላይ የልብ ምቴ 180 ይላል። ጓደኞቼ ደረጃውን ጨርሰው ውሃ ሲጠጡ እኔ ገና መሀል ላይ ነኝ። ባለፈው አንድ አዛውንት አለፉኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። ለማበረታታት ነው፣ ክፋት የላቸውም። እኔ ግን እንባዬ ነው የመጣው። ስልኬ ላይ ባለው የሩጫ አፕ ሰው ሁሉ 5 ደቂቃ፣ 6 ደቂቃ ይለጥፋል፤ የራሴን ማሳየት ከተውኩ ቆየሁ። የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ሆኜ እንዲህ መንቀርፈፌ ያሳፍረኛል። ተፈጥሮዬ ነው? ልተወው? ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫስ ልመዝገብ ወይስ የሰው መሳቂያ ልሆን ነው?

ዘገምተኛዋ፣ ከገርጂ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው 9 ደቂቃው ላይ ሳይሆን 180ው ላይ ነው። በአንቺ ዕድሜ የልብ ምት ጣሪያ በግምት 186 አካባቢ ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የሚባለው ስሌት ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የእጅ ሰዓትም አንዳንዴ ይስታል። ቢሆንም የምትሮጪው ልብሽ ጣሪያው ጋ ደርሳ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። ችግርሽ መዘግየት አይደለም። አሁን ላለሽበት አቅም በጣም እየፈጠንሽ ነው።

ለዓመታት ወንበር ላይ የዋለ ሰው ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ትንሽ ነው። ጡንቻው ኦክስጅን ሲጠይቃት ያላት አማራጭ ቶሎ ቶሎ መምታት ብቻ ነው። ይሄ የሚለወጠው በሶምሶማ ነው። ዱብ ዱብ እያልሽ ረዘም ላለ ጊዜ ስትሮጪ ልብሽ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ትለምዳለች፣ ጡንቻሽ ውስጥ ቀጫጭን የደም ስሮች ይበዛሉ፣ ጡንቻውም ኦክስጅኑን በደንብ መጠቀም ይማራል። ይህ ሁሉ ሳምንታትና ወራት የሚወስድ ሥራ ነው። እያለከለክሽ ስትሮጪ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትቆሚያለሽ፣ በማግስቱ እግርሽ ይዝላል፣ የሚቀጥለውን ቀን ገና ስታስቢው ይደክምሻል።

ሌላም ነገር አለ። ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ጀማሪ ቅልጥሙን የሚያመው እዚህ መሀል ነው፤ ሳንባው «እችላለሁ» ሲል እግሩ ገና አልደረሰም። ቀስ ማለትሽ እግርሽንም ይጠብቅልሻል።

አሁን ወደምትሮጪበት ቦታ እንምጣ፤ ይሄን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ገርጂም መስቀል አደባባይም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ተወልደን ያደግንበት ቢሆንም፣ ሰውነታችን የለመደው ቢሆንም፣ ሩጫ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። የእኛዎቹን ጀግኖች ተመልከቺ። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጦ ለ15 ዓመት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ብራሰልስ ላይ ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ። ታላቁ ሩጫም 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሸናፊዎቹም ምርጥ አትሌቶች ናቸው። ግን አዲስ አበባ ላይ አንደኛ የሚወጣው ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። መንገዱ ዳገት አለው፣ አየሩ ስስ ነው። አፑ ላይ 5 ደቂቃ የለጠፈው ሰው ደግሞ ዱባይ፣ ለጥ ያለ አስፋልት ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ የሚሮጥ ሊሆን ይችላል። የእሱን ቁጥር ከአንቺ ጋር አታወዳድሪ።

«የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ሆኜ» ያልሽው ነገር ከልቤ አሳዘነኝ፤ ብዙ ሰው ይሄን እየተሸከመ ነው የሚሮጠው። አንድ ቀን በጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሂጂና አትሌቶቻችንን በቀላል ልምምድ ቀናቸው እያቸው። ባህር ዛፉ መሀል በአንድ መስመር ተከታትለው፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ረጋ ብለው ይሮጣሉ። ከፊት ያለው ጉቶ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ለኋለኛው ያሳያል፣ ያም ለሚቀጥለው። ማንም ማንንም ለማለፍ አይሞክርም። ፍጥነታቸው በቴሌቪዥን ከምታዪው ጋር አይገናኝም። የሚፈጥኑበት ቀን ለብቻው አለ፤ ቀስ የሚሉበትን ቀን ግን በእውነት ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት። እነሱ ለዚህ ክብር ከሰጡ አንቺ የምታፍሪበት ምን ምክንያት አለ?

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? መለኪያሽን ከሰዓት ወደ ትንፋሽ ቀይሪ። እየሮጥሽ አብሮሽ ላለ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻልሽ ፍጥነትሽ ልክ ነው። በየሦስት ቃሉ አየር የምትስቢ ከሆነ ቀንሺ። ብትቀንሺም ካልበረደልሽ ተራመጂ። መራመድ ሽንፈት አይደለም፤ የልምምዱ አካል ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂና ሰውነትሽን አሟሙቂ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ እያልሽ ግማሽ ሰዓት ሙዪ። ሲቀልሽ ሶምሶማውን 3 ደቂቃ አድርጊው፣ ከዚያ 5። በሳምንት ሦስት ቀን በቂሽ ነው። ለጊዜው ኪሎ ሜትሩ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ።

መስቀል አደባባይን በተመለከተ ደረጃው ለጀማሪ ከባድ ነው። ከጫፍ ጫፍ ሮጠሽ አንድ እርከን ወደ ላይ፣ እንደገና ከጫፍ ጫፍ፤ እርከኑ ላይ በወጣሽ ቁጥር ምትሽ ይዘላል። እግርሽ እስኪጠና ድረስ ታች ሜዳው ላይ ሩጪ፣ ወይም ጓደኞችሽን አንዳንድ ቅዳሜ ጃን ሜዳ እንሂድ በያቸው፤ አፈሩ ለጉልበትም ለቅልጥምም ይሻላል። ያለፉሽ አባት ደግሞ ስንት ዓመት እንደሮጡ አታውቂም። ምርቃታቸውን ተቀበዪ።

ሰዓቱን ጨርሰሽ ጣዪው አልልሽም። ሌላ ሥራ ስጪው። በወር አንድ ጊዜ አንድ መንገድ ምረጪ፣ በዚያው የቀን ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት ሩጪና የልብ ምትሽን ብቻ እዪ። ዛሬ 180 ያስመታሽ መንገድ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ 165 ካስመታሽ፣ ደቂቃው ባይቀየርም እየጠነከርሽ ነው። ፍጥነቱ ከኋላ ይመጣል። አፑ ላይ ያለውን የጓደኞች ገጽ ግን ለጊዜው ዝጊው፤ ምንም አይጠቅምሽም።

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ቀስ ብለሽም እየሮጥሽ ምትሽ አልወርድ ካለ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚያዞርሽ ከሆነ ወይም ሁልጊዜ ድካም ድካም የሚልሽ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ተመርመሪ። ደም ማነስ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ሩጫንም እንዲህ ያከብዳል፣ ደግሞም ይታከማል። ስትሮጪ ደረትሽን ከጨነቀሽ ወይም ራስሽን ሊያስትሽ ከደረሰ ግን ወዲያው አቁሚና እንደገና ሳትሮጪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ወደ ታላቁ ሩጫ ስንመጣ፣ ተመዝገቢ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አብዛኛው ሰው የሚወጣው ለማሸነፍ አይደለም። የሚጨፍር አለ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያዘለ አለ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ እየተራመደ የሚጨርስ አለ። በአንቺ በ9 ደቂቃው እንኳ 10 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከኋላሽ ብዙ ሺህ ሰው ይኖራል። እስከ ኅዳር ጊዜ አለሽ። የቅዳሜዋን ቀን በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርሽ አንድ ሰዓት አድርሻት፣ እርምጃውን ጨምሮ። የውድድሩ ቀን ወደ ኋላ ቁሚ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከልምምድሽም ቀስ ብለሽ ጀምሪ፣ ሕዝቡ ሲግተለተል አትከተዪ። ምዝገባው ቶሎ ስለሚያልቅ የመሥሪያ ቤት ልጆች በቡድን የሚመዘገቡ ከሆነ ከአሁኑ ስምሽን አስይዢ።