«ጥፋተኛው ማን ነው?» እና ሌሎች የትዳር ምክር ጥያቄዎች

ስለ ትዳርና ቤተሰብ ምክር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ። ጥያቄው ጎርፏል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ማንነት የሚያሳብቀውን ቆርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ እኛ ሽማግሌ አለን፣ የንስሐ አባት አለን። ገበናችንን ለማናውቀው ሰው መዘርገፍ ምን ይባላል?

መልስ፦ ሽምግልናን አልንቅም። አንዱ አጥፍቶ ሲገኝ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያጠፋው ይክሳል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ ይነሳል። ይሠራል። ችግሩ በየወሩ የሚያገረሽ ጠብ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ ያው ነገር ይነሳል። ሁለተኛ ለመጥራት ደግሞ ይታፈራል። አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አይፈርድም። ጠቡ በምን እንደሚጀመርና በምን እንደሚጋጋል ከእናንተው ጋር ቁጭ ብሎ ያያል።

በነገራችን ላይ ሕጉም ሽማግሌን አልጣለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ አድርጎት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ቢሆንም ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊልካቸው፣ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አማካሪው ሁለታችንንም ከሰማ በኋላ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይነግረንም?

መልስ፦ አይነግራችሁም። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚበሳጨው በዚሁ ነው። የተለመደ ነገር ላሳያችሁ። ባል ሳይናገር ለእናቱ ብር ልኳል። ሚስት የቤት ኪራይ ልትከፍል ስትል ሂሳቡ ጎደለ። «አንተ መቼም ቤትህ እናትህ ቤት ነው» ትለዋለች። እሱ ስልኩን ይነካካል። «እያናገርኩህ እኮ ነው!» ድምጿ ከፍ ይላል። ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። አምሽቶ ይገባል፣ ራቱን ሳይነካ ይተኛል። ከዚያ ሦስት ቀን ኩርፊያ። እሷን ብትጠይቋት «ዝም ስለሚለኝ ነው የምጮኸው» ትላለች። እሱን ብትጠይቁት «ስለምትጮህ ነው ዝም የምለው»። ሁለቱም አልዋሹም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድሪው ክሪስተንሰን ይህን አንዱ የሚገፋበት፣ ሌላው የሚሸሽበት አዙሪት ለዓመታት አጥንተዋል። ከአሜሪካ ሌላ በብራዚል፣ በጣሊያንና በታይዋንም ታይቷል። አብዛኛውን ጊዜ የምትገፋው ሚስት ናት። ለውጡን የሚፈልገው ባል ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠባል። እንግዲህ የሴት ጠባይ፣ የወንድ ጠባይ ብለን አንዝጋው። መለወጥ የሚፈልግ ይነዘንዛል፤ ያለው የተመቸው ይሸሻል።

በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ የጀመሩት ስሜት ላይ ያተኮረ የምክር ዘዴ ከዚህም ሥር ይቆፍራል። ከጩኸቱ በታች «ለእሱ ከቁጥር እገባለሁ ወይ?» የሚል ፍርሃት አለ። ከዝምታው በታች ደግሞ «ምን ባደርግ ይበቃታል?» የሚል። ሁለቱ ይህን ፊት ለፊት ሲነጋገሩት የብሩ ነገር ይቀላል። ልምዴም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በጥናት የተረጋገጠ ውጤት አለው? ወይስ ገንዘብ መብያ ነው?

መልስ፦ ውጤት አለው፤ ተአምር ግን አይደለም። ሁሌ የምጠቅሰው ክሪስተንሰንና ሟቹ ኒል ጃኮብሰን በሎስ አንጀለስና በሲያትል የጀመሩትን ጥናት ነው። ትዳራቸው ለረጅም ጊዜ ክፉኛ የታመመ 134 ጥንዶች ገቡበት። ከፊሎቹ ጠባይ መለወጥና አነጋገር ላይ ያተኮረውን የቆየ ዘዴ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ደግሞ ልዩነትን መቀበልን የሚጨምረውን አዲሱን። ቢበዛ 26 ጊዜ ነው የተገናኙት። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ ግማሽ ያህሉ በግልጽ ተሽሏቸዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ተለያይተዋል። በሁለቱ ዘዴዎች መካከል የጎላ ልዩነት አልቀረም። «እኔ ያየሁት ትዳር ሁሉ ድኗል» የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ጥያቄ፦ 15 ደቂቃ አይቶ «ትፋታላችሁ» የሚል ፕሮፌሰር አለ አሉ። 90 በመቶ አይስትም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጆን ጎትማን ናቸው። ሲያትል በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አፓርታማ የመሰለ ላቦራቶሪ አዘጋጅተው ጥንዶች ሲጨዋወቱም ሲጣሉም ቀርጸዋል፣ የልብ ምታቸውንም ለክተዋል። የ90 በመቶውን ነገር ግን በጥርጣሬ ያዙት። ቀመሩ የወጣው ማን እንደተፋታ ከታወቀ በኋላ፣ በዚያው መረጃ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሄይማንና ኤሚ ስሌፕ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት እንዲህ ያለ ቀመር ሌሎች ሰዎች ላይ ሲሞከር ትንበያው ክፉኛ ይወርዳል።

ለቤታችን የሚጠቅመው የጎትማን ሌላው ግኝት ነው። መጣላት ብቻውን ትዳር አያፈርስም። የሚያሰጋው ነገሩን ትቶ ሰውየው ላይ መዝመት፣ ንቀት፣ ለሁሉም ማስተባበያ መደርደርና ጭራሽ ጆሮ መንፈግ ነው። ክፉው ንቀት ነው። በእኛ ቤት ንቀት ስድብ ላይመስል ይችላል፤ አሽሙር ነው። እንግዳ ፊት «እሱማ ምኑን ያውቀዋል» ብሎ ፈገግ ማለት።

ጎትማን ከሲቢል ካሬር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን አይተው፣ የክርክሩ የመጀመሪያ 3 ደቂቃ ብዙ እንደሚናገር አገኙ። ስለዚህ አጀማመሩ ላይ ሥሩ። የቅድሟ ሚስት «ሂሳቡ ሲጎድልብኝ ደነገጥኩ፤ ከመላክህ በፊት ብንነጋገር ደስ ይለኛል» ብትለው ምሽቱ ሌላ መልክ ይይዛል። እሱም መውጣት ካለበት ተናግሮ ይውጣ፦ «አሁን ተናድጃለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ እመለሳለሁ»። የጋለ ሰውነት ለመርገብ 20 ደቂቃ እንኳ ይፈልጋል። ቃሉን ጠብቆ ካልተመለሰ ግን ያው ኩርፊያ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲናደድ ይመታኛል፣ ከዚያ አልቅሶ ይቅርታ ይጠይቃል። አብረን አማካሪ ዘንድ ብንሄድስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብራችሁ አትሂዱ። እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ የተናገርሽው እውነት ቤት ስትደርሱ ሊያስመታሽ ይችላል። ለብቻሽ ሂጂ። መጀመሪያ የሚነሳው የአንቺና የልጆችሽ ደህንነት ነው፦ ነገሩ ሲከፋ የምትሄጂበት ቤት፣ የምታምኛት ጎረቤት፣ መታወቂያሽና የልጆቹ የልደት ካርድ የት እንዳለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ትዳር ከያዙ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባል አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ብዙ ሴት ላይ ደረሰ ማለት ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። «ቻይው» የሚልሽን አትስሚ። ደህና አማካሪ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ከመያዙ በፊት ለየብቻ ጠርቶ ስለ ዱላ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ሌላ ሴት ጋር ሄጃለሁ። አልቋል። ለሚስቴ ልንገራት ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቅድሞቹ 134 ጥንዶች ውስጥ 19ኙ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበረባቸው። በ5 ዓመት ውስጥ ነገሩ የተገለጠባቸው 43 በመቶ፣ ተደብቆ የቆየባቸው 80 በመቶ ተፋቱ። ክህደት ካልነበረባቸው ጥንዶች የተፋቱት 23 በመቶ ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ነውና እንደ ሕግ አትያዘው። አማካሪ ዘንድ ትዳር እናድን ብለህ ሄደህ ዋናውን ነገር መደበቅ ግን አያዋጣም። ከመናገርህ በፊት የአባላዘር በሽታ ምርመራ ነገር አትርሳ፤ ጤናዋም አለበት።

ጥያቄ፦ ባሌ «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ አልሄድም አለ።

መልስ፦ ብቻሽን ጀምሪ። ከአዙሪቱ የራስሽን ድርሻ ብትቀይሪ የእሱም እንዳለ አይቀጥልም። «ልፈታ ነው» ብሎ ግማሽ ልቡ የወጣ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲው የትዳር አማካሪ ቢል ዶኸርቲ ያዘጋጁት አጭር ምክር አለ። ቢበዛ 5 ጊዜ ነው። እዚያ የሚወሰነው ትዳሩን ለማዳን ይሞከር ወይስ አይሞከር የሚለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ባሌና እኔ ስንጣላ አማቴ ትገባለች። ልጃችንም የአባቱን ስልክ ፈትሾ ለእኔ ያመጣል።

መልስ፦ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያው መሬይ ቦወን ሦስት ማዕዘን ይሉታል። ሁለት ሰው መሃል ያለው ውጥረት ሲያይል ሦስተኛ ሰው ይሳባል። አማትሽን ባልሽ ራሱ በአክብሮት ይመልሳት፤ አንቺ ከሞከርሽው ጠብ ነው። የልጁን ነገር ግን ዛሬውኑ አቁሚው። በአርጀንቲና ተወልደው ፊላደልፊያ የሠሩት ሌላው የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ሳልቫዶር ሚኑቺን በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ወሰን ላይ ብዙ ደክመዋል። ልጅ የእናቱ ሰላይ ሲሆን ልጅነቱ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነን። አማርኛ የሚችል አማካሪ አጣን። የ12 ዓመት ልጃችን ታስተርጉም?

መልስ፦ በፍጹም። ባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ። በቪዲዮ የሚሠራም አለ፤ በምትኖሩበት ስቴት ፈቃድ እንዳለው ብቻ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ቀን ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ በባልና ሚስት ምክር ላይ ለብቻው ሠልጥኖ እንደሆነ፣ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ፣ ለየብቻ የምትነግሩትን ምስጢር ምን እንደሚያደርገው። ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል፤ በኋላ የሚያጣላው ግን እሱ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «ፍቺው» ወይም «ፍታት» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።