«እግዚአብሔር ከእሱ ጋር ቢሆን ይባረር ነበር?»

ጥያቄ፦ ጌታ ይባርክዎት መምህር። ለብዙ ዓመት ያገለገለን ፓስተር ከሽማግሌዎች ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ወጣ። አንድ እሑድ «በገዛ ፈቃዱ ለቋል፣ ለሰላም ሲባል ዝርዝሩ አይነገርም፣ እንጸልይለት» ተባለና አለቀ። አሁን ግማሹ «እሳት በሌለበት ጭስ የለም፣ እግዚአብሔር ከእሱ ጋር ቢሆን አይባረርም ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ ቤቱ እየሄደ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንጀምር ይለዋል። ባለፈው ባለቤቱን መንገድ ላይ አየኋት። ምን እንደምላት ጠፋኝና ያላየኋት መስዬ አለፍኩ። አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ አጥፍተሻል። ግን ብቻሽን አይደለሽም፤ እንዲህ ሲሆን ከ10 ሰው 9ኙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያቺን «እግዚአብሔር ከእሱ ጋር ቢሆን» የምትለውን ነገር እንያት። ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ስትሰማ መንፈሳዊ ትመስላለች፣ ውስጧ ግን የኢዮብ ወዳጆች ስብከት ነው፦ መከራ ካገኘህ የሆነ ነገር አድርገሃል ማለት ነው። ጌታችን ባደገባት ናዝሬት በምኩራብ አስተምሮ ሲጨርስ የሰሙት ሰዎች ተነሥተው ከከተማ አወጡት፣ ገደል ሊጥሉትም ወሰዱት (ሉቃስ 4፥29)። የእሱ ጥፋት ምን ነበር? በሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ላይ ያለው ዲዮጥራጢስም ከሐዋርያ የተላኩ ወንድሞችን አልቀበልም ይል ነበር። ሊቀበሉ የወደዱትን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣ ነበር። ዮሐንስ የሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ሰውየው «ዋናቸው ሊሆን የሚወድ» ነበር። ስለዚህ መባረር ብቻውን ምንም አያስረዳም። ስለ ጭሱም ቢሆን፣ እርጥብ እንጨት ከደረቅ ይልቅ እንደሚጨስ የማያውቅ የለም።

ይህን ስል የተባረረ ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም። በገንዘብ፣ በሴት፣ በምእመናን ላይ በመጨከን መውጣት የሚገባው ፓስተር አለ። እንዲህ ያለው ሲጠየቅ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ብሎ መዝሙር 105ን ያነሣል። መዝሙሩ ግን አገር ለአገር ይዞሩ ስለነበሩት ስለ አብርሃምና ስለ ልጆቹ ነው የሚናገረው፣ ማስጠንቀቂያው ለነገሥታት ነው። ፓስተር እንዳይጠየቅ የተሠራ አጥር አይደለም።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? እዚህ ጋ ነው በሽማግሌዎቻችሁ የማዝነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር በቀር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል» ይለዋል። ቀጥሎም ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይለዋል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-20)። እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። ኃጢአት ከተገኘበት በምስክር ተረጋግጦ ለጉባኤው ይነገራል። ካልተገኘበት ደግሞ «ኃጢአት አልተገኘበትም፣ በአሠራር አልተግባባንም» ይባላል፣ በግልጽ። «ለሰላም ሲባል አይነገርም» የሚል ሦስተኛ መንገድ ጥቅሱ ውስጥ የለም። መሪዎች ዝም ሲሉ ሰላም ያወረዱ ይመስላቸዋል፤ ሕዝቡ ግን ባዶውን ቦታ በሚያውቀው ትልቁ ኃጢአት ይሞላዋል፣ ሰውየው የተጣላው ስለ በጀት ወይም ስለ መተዳደሪያ ደንብ ቢሆንም እንኳ በየቤቱ ሌባ ወይም ዘማዊ ሆኖ ያድራል።

ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሽማግሌ ሳለሁ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ ፈርሜያለሁ። «በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን ቃል ያስገባነው እኛው ነበርን። ሰውየው ኃጢአት አልነበረበትም፣ ችኩል ነበር፣ እኛ ደግሞ ደክሞን ነበር። በኋላ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግን የፈረምኩት ደብዳቤ የተነበበው በጉባኤ ፊት ነው፣ ይቅርታዬን የሰማው ግን እሱ ብቻ ነው። አሁንም ይከነክነኛል።

ከእኔ የተሻለ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ በታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1750 በአሜሪካ የኖርዝሃምፕተን ጉባኤ ታዋቂውን ፓስተሩን ጆናታን ኤድዋርድስን ከ20 ዓመት በላይ ካገለገላቸው በኋላ አሰናበተው። ዋናው ጠብ ቅዱስ ቁርባን ማን ይውሰድ የሚል ነበር፣ የደሞዝ ጭቅጭቅም አልጠፋም። ከ200 በላይ ሰው ይሂድ ሲል 23 ብቻ ቆሙለት። የሚያስገርመው፣ ካሰናበቱት በኋላ ሰባኪ ሲያጡ እየጠሩ ስበክልን ይሉት ነበር፣ እሱም እየሄደ ይሰብክላቸው ነበር። ደጋፊዎቹ እዚያው ሌላ ጉባኤ እንዲተክል ቢፈልጉም ወደ ስቶክብሪጅ ሄዶ የአገሬውን ተወላጆች አገለገለ። እንዲባረር አጥብቆ ከሠሩት አንዱ የገዛ ዘመዱ ጆሴፍ ሃውሊ ነበር። ከእኔ የተሻለ ያደረገው ይህ ሰው ነው፤ በ1760 በጋዜጣ ላይ በይፋ ጥፋቱን አመነ። ኤድዋርድስ ከሞተ ግን 2 ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? እነዚያ ቤቱ የሚሰበሰቡት ይረፉ። ያሰባሰባቸው ቁጣ ነው፣ ቁጣ ላይ የቆመ ጉባኤ ቁጣው ሲበርድ እርስ በርሱ ይበላላል። ጳውሎስና በርናባስም ተለያይተዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንዱ የሌላውን ደጅ ላይ ድንኳን አልተከለም። ፓስተሩ ራሱ ጥቂት ወራት ቢያርፍ፣ ቢጸልይ፣ ቁስሉን ስብከት ባያደርገው ይሻለዋል። አንቺ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። ስም የሌለው ወረቀት በበር ሥር አትስደጂ። በስምሽ፣ ፊት ለፊት፣ «ኃጢአት ተገኝቶበታል ወይስ አልተገኘበትም?» ብለሽ። ካልመለሱልሽም ሐሜቱን ባለመቀበል ድርሻሽን ትወጫለሽ።

አሁን ወደ ባለቤቱ። ሌላ ሰው ከሥራ ሲባረር ሄዶ የሚያለቅስበት ቤተ ክርስቲያን አለው። የፓስተር ቤተሰብ ግን በአንድ ቀን ደሞዙንም፣ ጓደኞቹንም፣ የሚያለቅስበትንም ቦታ ያጣል፤ የሚኖሩበት ቤት የቤተ ክርስቲያኒቱ ከሆነ ደግሞ እሱንም። ልጆቹ የእሑድ ጓደኞቻቸው ለምን መደወል እንዳቆሙ አይገባቸውም። እሷ ያኔ ስታልፊ አይታሻለች፣ አትጠራጠሪ። የሰውን ሁሉ ዓይን ለይታ የምታነበው አሁን ነው።

ስለዚህ ሂጂ። ዛሬ ካልቻልሽ ነገ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ደሞዝ የቆመበት ቤት ነው። ለምን ወጣ ብለሽ አትጠይቂ፣ ሽማግሌዎቹንም አታንሺ። «ያን ቀን አይቼሽ ነበር፣ አፍሬ አለፍኩ፣ ይቅር በይኝ» በያት። ከዚያ ካለቀሰች አብረሻት ተቀመጪ፣ ቡና ላፍላ ካለችሽም እሺ በያት።